የድንግዝግዝ ፈተና

በቆቅ አምባ በየቤቱ አንድ ክፍል አለ። እቃው በሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ነው የሚደረደረው። ከበሩ ገባ ሲሉ በስተቀኝ ባለ ሦስት እግር ዱካ፣ ከዱካው አለፍ ብሎ በግራ የተጋደመ ግንድ፣ መሃል ላይ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ገመድ፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለ እርከን፣ መጨረሻ ላይ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ ኳስ፣ ኩባያና ማንኪያ ይቀመጣሉ። መስኮቱ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጋርዷል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መክሰሳቸውን ይበሉና ወደዚያ ክፍል ይገባሉ። እናት በሩን ትዘጋና «ሂድ» ትላለች። ልጁ ይሄዳል። ገመዱን ከነካ ተመልሶ ከበሩ ይጀምራል። ሳይነካ ካለፈ ኳሱን ይዞ ይወጣና ደጅ ይጫወታል፤ ያውም ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ብቻ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በቆቅ አምባ ደጅ የሚታይ ሰው የለም። ከቆላ ጭነት ይዘው የሚመጡ ሹፌሮች ሕዝቡ ጸሎተኛ ቢሆን ነው ይላሉ። የአምባው ሰውም «አዎ፣ ለሠርክ ጸሎት እንገባለን» ይላቸዋል።

ዝማሬ ልጇን ሐሴትን ማለማመድ የጀመረችው ልጅቷ ገና አራት ዓመቷ ሳለ ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሐሴት ወደ ቤት ስትገባ ደፍ ላይ የተኛውን ውሻ ረግጣ ወደቀች። ውሻው ነጭ ነበር። ዝማሬ ልጇን አነሣች፣ ጉልበቷን አሸችላት። በነጋታው ባሏን ኪሩቤልን «ግንድ ቁረጥልኝ» አለችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ቆርጦ አመጣ፣ ክፍሉ ውስጥ አጋደመው፣ ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ነገሩ ስም አለው። የድሮ ሰዎች ዳፍንት ይሉታል። በአምባው ግን ቃሉ አይጠራም፤ «ያ ነገር» ነው የሚባለው። ያ ነገር መጀመሪያ ምሽቱን ይወስዳል። ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ ያለውን እየገዘገዘ ይመጣል፤ ሰውየው ዓለምን በመቃ ቀዳዳ የሚያይ ያህል ይሆናል። በመጨረሻ ቀዳዳዋም ትደፈናለች። የኪሩቤል እናት እትዬ ሶልያና አርባ ዓመት ሳይሞላቸው ነው የተደፈነችባቸው። ከዚያ ወዲህ ከጓዳ ወጥተው አያውቁም። ለሚጠይቅ እንግዳ ወገባቸውን ነው የሚያማቸው።

ፈተናው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይመጣል። የዘር ጤና ባለሥልጣን ነጭ መኪና ረጅም ኮንቴይነር እየጎተተ ዳገቱን ይወጣና ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይቆማል። የኮንቴይነሩ ውስጥ ብርሃን የድንግዝግዝ ነው። በሀገሪቱ ያለ ልጅ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ በዚያ ውስጥ ያልፋል። ዱካ፣ ግንድ፣ ገመድ፣ እርከን፣ ጠረጴዛ። አቀማመጡ ተለውጦ አያውቅም፤ መመሪያው አይፈቅድም። የተደናቀፈ ልጅ ደሙ ይወሰዳል፤ የእናት የአባቱም፣ የአያት ቅድመ አያቱም፣ የአጎት የአክስቱም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የቆቅ አምባ ሰው በዓይኑ አይቷል። ከሸለቆው ማዶ ዋርካ ውሃ የምትባል አምባ ነበረች። እዚያ አንዲት ልጅ ገመዱን ነካች። ዓመት ሳይሞላ ባለሥልጣኑ የዋርካ ውሃን ሰው ፈትሾ ጨረሰና፣ ባልና ሚስቱ ሁለቱም ያንኑ የዘር ስብራት በደማቸው የተሸከሙ ከሆነ ጋብቻቸው እንዲፈርስ አዘዘ። የተመታ ሰው የለም፤ የታሰረም የለም። አውቶቡስ መጣ፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ተሳፈረ። የቀሩት ወጣቶች ከሌላ አገር ትዳር ሊይዙ ሲሞክሩ፣ ፈቃድ በሚሰጥበት መስኮት ላይ ከስማቸው ጎን ቢጫ ነጥብ ይበራል። ቢጫ ነጥብ ለበራበት ሰው ልጁን የሚሰጥ አልተገኘም። ዛሬ ከቆቅ አምባ ጫፍ ሆኖ ማዶ ለሚመለከት፣ የሚታየው ጣሪያቸው የፈረሰ ቤቶች ነው።

የዘንድሮው ፈተና ዕለት ዝማሬ ሐሴትን ፀጉሯን ሹሩባ ሠርታ፣ አዲስ ጫማ አድርጋላት ይዛት ወጣች። ግቢው ውስጥ እናቶች ተሰልፈው ቆመዋል። አንዳቸውም የሌላዋን ዓይን አያዩም። የሐሴት ተራ ሲደርስ በሩ ተከፈተና ልጅቷ ገባች። ዝማሬ ጆሮዋን ወደ ቆርቆሮው አስጠግታ ቆመች። ኮቴ ሰማች። ዝም አለ። ቆይቶ ኮቴው ቀጠለ። በዚያኛው በር ሐሴት ኳሱን ይዛ ወጣች፤ ፈገግ ብላ፣ ፊቷን ቀጥ አድርጋ፣ ልክ እንደተማረችው።

«አልፋለች» አለ መዝጋቢው።

ከግቢው ሊወጡ ሲሉ አንዲት ወጣት ሴት በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ጠበቀቻቸው። በዚያው ዓመት ለፈተናው የተመደበችው ሐኪም ናት፤ ዶክተር ፌቨን ትባላለች። ምንም ሳትናገር በሐሴት በስተግራ በኩል እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ ነበር። ሐሴት እያንጎራጎረች አለፈቻት። ከረሜላ የምትወድ ልጅ ናት።

ዝማሬ የተዘረጋውን እጅ አየች። ዶክተሯም ዝማሬ እንዳየች አየች።

«እህቴ» አለች ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጅሽ መንገዱን ታውቀዋለች። እጄን ግን አላየችውም።»

«ፀሐይ ነው። ፀሐይ ዓይኗ ገብቶባት ነው ዶክተር።»

ዶክተሯ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ደመና ነበር።

«አትፍሪኝ» አለች። «ያለፈ ልጅ አልፏል፤ አልነካውም። ግን አንዴ ስሚኝ። እኛ ዘንድ የእናንተ አምባ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? በሀገሪቱ እንደ ቆቅ አምባ ጤነኛ ዓይን የለም ይባላል። አንድም ልጅ ወድቆ አያውቅም። እኔ ግን ሰኞ አመሻሽ ላይ ነው የደረስኩት። በየበሩ ሰው ግድግዳ እየዳበሰ ሲገባ አየሁ።»

ዝማሬ ሐሴትን ወደ ጉያዋ ሳበቻት።

«መድኃኒት መጥቷል» ቀጠለች ዶክተሯ። «በዋርካ ውሃ ጊዜ አልነበረም። ዓይን ውስጥ አንዴ ነው የሚገባው። የጠፋውን አይመልስም፤ ያለውን ያቆየዋል። ግን ለሁሉም የሚሆን አንድ መድኃኒት አይደለም። ዘረመል እንደ ጽሑፍ ነው፤ የተሰበረችው ፊደል የትኛዋ እንደሆነች ሳናውቅ መቀመም አንችልም። የዋርካ ውሃን ስብራት እናውቃለን። የእናንተን ግን ማንም አላየውም። እንዴት ይታያል? እናንተ ታማችሁ አታውቁም።»

«ምንድን ነው የሚፈለገው?»

«የልጅቷ ደም። የአንቺና የአባቷ። በዚሁ የታወረ አንድ ትልቅ ዘመድም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ሕጉ አለ። አልዋሽሽም። እኔ እስከ ቅዳሜ እዚህ ነኝ።»

ኪሩቤል ሥራው አምባው ጫፍ ላይ ነው። ከሸለቆው የሚወጣውን ጭጋግ የሚያልቡት መረቦች እዚያ ተወጥረዋል፤ ከእነሱ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው አምባውን የሚያጠጣው። ዝማሬ ስትደርስ የተቀደደ መረብ እየጠገነ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። መርፌውን አላቆመም።

«ዋርካ ውሃን ረሳሽው?» አላት በመጨረሻ።

«አልረሳሁም።»

«እኔና አንቺን ይለያዩናል። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ሐሴት እኮ አልፋለች ዝማሬ! ልጅቷ አልፋለች!»

«አላለፈችም። መዋሸት ስላስተማርኳት ነው ያለፈች የመሰለችው።»

ኪሩቤል መረቡን ለቀቀው። ወደ ማዶ፣ ወደ ፈረሱት ቤቶች አየ። «እኔ እፈራለሁ» አለ። ባሏ ይህን ቃል ሲናገር ዝማሬ ሰምታ አታውቅም።

በነጋታው ከሰዓት ጋሽ አቤኔዘር መጡ። የአምባው ሽማግሌ ናቸው፤ ሰርግም ዕርቅም ያለ እሳቸው አይሆንም። በሩ ላይ ቆመው በከዘራቸው ደፉን ዳሰሱ፤ ቀጥሎ በእግራቸው ወንበሩን ፈለጉና ተቀመጡ። ዝማሬ ይህን ሁሉ ዓመት ያላየችውን ያን ቀን አየችው። እሳቸውም አለባቸው።

«ሐኪሟ ካንቺ ጋር ስታወራ ታይታለች» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ልጄ፣ እኔ ላስፈራራሽ አልመጣሁም። ከጥምቀት በኋላ ሁለት ሰርግ አለን። አንዱ የልጄ ነው። ፈቃዱ ንጹሕ ሆኖ መጥቷል። አንቺ አፍሽን ብትከፍቺ ሁለቱም ይፈርሳሉ። እነሱ ብቻ አይደሉም። ያንቺም፣ የጎረቤትሽም፣ የሁላችንም። አንድ ልጅ አድናለሁ ብለሽ አምባ ትቀብሪያለሽ።»

«ጋሼ፣ የልጅ ልጅዎ ቢታንያ ስንት ዓመቷ ነው?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ጨበጡ። «አምስት» አሉ።

«ማለማመድ ጀመራችሁ?»

ተነሥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ወጡ። ደጁ ገና ብርሃን ነበር።

ዓርብ ዕለት ጭጋጉ ያለወትሮው ቀድሞ ወጣ። ዝማሬ ልብስ ከገመድ ስታወርድ ቀና ብትል የጎረቤቷ ቤት አይታይም። «ሐሴት!» አለች። መልስ የለም። ልጆቹ በየቤታቸው ገብተዋል። ወደ ጎረቤት ሮጠች። «ከመረቦቹ በኩል ኳስ ሲጫወቱ ነበር፤ የኔዎቹ መጥተዋል፣ ያንቺ አልመጣችም?» አለች ጎረቤቷ።

ከመረቦቹ ወዲያ ገደል ነው።

ዝማሬ ጮኸች። በሮች ተከፈቱ፤ በየበሩ ፋኖስ ወጣ። ሰዎቹ ፋኖሳቸውን ከፍ አድርገው «ሐሴት! ሐሴት!» እያሉ ተጣሩ። ከደፋቸው ግን አንድም አልወረደም። ወጣት ወንዶች፣ ጠንካራ ሴቶች፣ ሁሉም በሩን በአንድ እጃቸው ይዘው ቆመው ነበር የሚጮኹት። ዝማሬ በመካከላቸው ስትሮጥ ፊታቸውን አየች። ማንም ወደ እሷ የሚያይ አልነበረም፤ ድምፅዋ ወዳለበት ነበር የዞሩት። ምን ያህል እንደሆኑ የገባት ያኔ ነው።

ኪሩቤል ከኋላዋ ደረሰባት። ሁለቱ ተያይዘው መረቦቹ ጋ ደረሱ። እርጥቡ መረብ ፊታቸውን ይመታቸዋል። ኪሩቤል የያዘውን ፋኖስ ዝቅ አድርጎ በመረቡ ሥር ሾለከ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቀረ። የዝማሬን እጅ ጨብጦ «እንዳትጮኺ» አላት።

ሐሴት ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማለች። እጆቿን ትንሽ ወደ ፊት ዘርግታለች። ፊቷ ቀጥ ያለ ነው፤ ከንፈሯ ላይ ያች ፈገግታ አለች። አንድ እግሯን አንሥታ መሬት እየፈለገች ነበር፤ እግሯ የሚፈልገው መሬት ግን እዚያ የለም።

ኪሩቤል በደረቱ ተሳበ። ዝማሬ የልጅቷን ቀሚስ ጫፍ ሲይዝ፣ ወገቧን ሲያቅፍ፣ ወደ ኋላ ሲወድቅ አየች። ጠጠሩ ወደ ታች ሲንከባለል ድምፁ ረጅም ጊዜ ተሰማ።

«ለምን አልጮኽሽም?» አለች ዝማሬ ልጇን እየነቀነቀቻት። «ስንጠራሽ አትሰሚም? ለምን አቤት አላልሽም?»

«ሰምቻለሁ» አለች ሐሴት። «መሄጃው ጠፋኝ። ግን አቤት ብል አላይም ማለት አይሆንም?»

ኪሩቤል ልጁን አቅፎ እዚያው እርጥብ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ እናቱ ጓዳ ገባ። ዝማሬ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻቸው። ሲነግራቸው እትዬ ሶልያና አላቋረጡትም። ሲጨርስ ነጠላቸውን እንዲያቀብላቸው ጠየቁ።

«እኔና አባትህ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው» አሉ። «አባቴ ጣቱን እያጠፈ ሲቆጥር ከጓሮ ሆኜ እሰማ ነበር። ነውር የለብንም። ግን ይህ አምባ በክፉው ዘመን አልቆ የተረፉት ጥቂት ቤቶች ነበሩ። ከሰባተኛው ወዲያ ቢቆጠር ሁላችንም የአንድ ምድጃ ልጆች ነን። ስምንተኛውን ማን ቆጥሮ ያውቃል? በል ያዘኝ።»

ባልና ሚስቱ አሮጊቷን ግራና ቀኝ ደግፈው፣ ሐሴትን አስቀድመው፣ በአምባው መሃል መንገድ ወጡ። ብዙ ልጆች እትዬ ሶልያናን በሕይወታቸው አይተዋቸው አያውቁም። ሰዉ በየደጁ ቆሞ አየ። አንዲት ሴት «አታድርጉት! ስለ ማርያም አታድርጉት!» ብላ ጮኸች። ሌላዋ ልጇን ይዛ ገብታ በሯን ወረወረች። እትዬ ሶልያና ጮክ ብለው፣ ወደማንም ሳይሆን ወደ መንገዱ፣ «ዓይነ ስውር ነኝ። ወገቤን አያመኝም» አሉ።

ዶክተር ፌቨን እቃዋን ጭና ልትነሣ ስትል ነው የደረሱት። መርፌው ሲወጋ ሐሴት አላለቀሰችም። ዝማሬ ግን መኪናውን ተደገፈች።

ስብራቱ ተገኘ። ውጤቱ የመጣው ገና ሰርጎቹ ሳይደርሱ ነው፤ ሁለቱም አልተሠሩም። ኪሩቤልም ዝማሬም አንድ አንድ የተሰበረ ፊደል ተሸክመው ኖረዋል፤ በሁለቱም ላይ ከሌላው ወላጅ የወረሱት ጤነኛ ስለሆነ ዓይናቸው አልተነካም። ሁለቱም ስብራቶች በሐሴት ተገናኙ። አምባው በሙሉ ተመረመረ። ከግማሽ በሚበልጡት ቤቶች ባልና ሚስቱ ሁለቱም ያንኑ ተሸክመው ተገኙ።

አውቶቡሱ የካቲት ላይ መጣ። ንጹሕ፣ ወንበሩ ምቹ፣ ሠራተኞቹም ትሑታን ነበሩ። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ውሃ ሰጡ። ሕጉ አባት ልጁን በቀን ብርሃን፣ ቆላ ባለው ከተማ እንዲያይ ይፈቅዳል። ሚስቱን ግን አይፈቅድም፤ ዝማሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቱ አይደለችም። ኪሩቤል ከመሳፈሩ በፊት ሊያቅፋት ፈለገ፤ ሠራተኛዋ በትሕትና በመካከላቸው ቆመች። «ልጅቷን አደራ» ብቻ አላት። ጎረቤቶቿ በሙሉ መንገዱ ዳር ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወር ማንም ሰላም አላላትም። ውሃ ስትቀዳ ሌሎቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዱ ነበር።

መድኃኒቱ ግን መጣ። ዶክተር ፌቨን ራሷ ይዛው ወጣች። ሰዉ አኩርፎ ይቀር ይሆን ብላ ዝማሬ ፈርታ ነበር። ማለዳ ስትደርስ ሰልፉ የግቢውን አጥር ዞሮ ነበር። ከፊት የቆሙት ጋሽ አቤኔዘር ናቸው፤ ቢታንያን እጇን ይዘዋል። ዝማሬ ስታልፍ የእግሯን ድምፅ አውቀው ፊታቸውን አዞሩባት። ልጅቷን ግን አልለቀቁም።

የሐሴት ዓይኖች ለሁለት ሳምንት ታስረው ተፈቱ።

«ያዘ ወይ?» ስትል ዝማሬ ጠየቀች።

«ገና ነው» አለች ዶክተሯ። «መሣሪያችን ለውጡን የሚያየው ዓመት ሲሞላው ነው። አንዳንዱ ላይ ይይዛል፣ አንዳንዱ ላይ አይዝም። እስከዚያ አንቺ እያመሸሽ ጠይቂያት። የምታየውን ትንገርሽ። ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።»

በዚያው ሳምንት አንድ ምሽት ዝማሬ ልጇን ይዛ ደጅ ወጣች። ፀሐይ ጠልቃለች፤ ሰማዩ ላይ ትንሽ ወይን ጠጅ ቀለም ቀርታለች። ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ያ ማዶ የቆመው ምንድን ነው?» አለቻት።

«ዛፍ ነው» አለች ሐሴት።

ዛፍ ነበር። ዛፉ ግን ልጅቷ ከመወለዷ በፊትም እዚያው ነው።

«ከሥሩስ?»

ሐሴት አንገቷን ትንሽ ዘንበል አደረገች። በዚያች ቅጽበት ከዛፉ ሥር የቆመችው አህያ አነጠሰች።

«አህያ» አለች ሐሴት ቶሎ ብላ።

ዝማሬ ወደ ልጇ ዞረች። ሐሴት ፊቷን ቀጥ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ ወደ ጨለማው ትመለከታለች። ዝማሬ ዓይኖቿን አተኩራ አየቻቸው፤ ሁለቱም ጥርት ያሉ፣ የሚያምሩ ናቸው፤ ምንም አይነግሩም።

«እማ» አለች ሐሴት በሹክሹክታ፣ «ልክ ነው የመለስኩት?»